ማን እንዳሸነፈ አትጻፉ

"ደብተር ይዛችሁ ውጡ፣
ከሜዳው ዳር ተቀመጡ፤
ያያችሁትን ሁሉ፣ ሳታጋንኑ፣ ሳትዘልፉ፣
ሳምንት ሙሉ ጻፉ፤ ማን እንዳሸነፈ ግን አትጻፉ፣
እሱን ሬዲዮም ያወራዋል"
አለች መምህርት ትርንጎ።
እኛም ተጠቃቅሰን ሳቅን፤ "የስፖርት የቤት ሥራ? ይቀላል!"

ሜዳችን ከሱሉልታ አስፋልት በታች፣ ክረምት ያረገረገው፣
በጋ የሰነጠቀው፣ ከብት ከእኛ ጋር የሚጋራው፤
ጎሉ ሁለት ብሎኬት፣ መስመሩ በእግር የተጫረ፣
ሲኖትራክ ባለፈ ቁጥር በአቧራ የታጠረ።

ሰኞ፦ ወንዶች ሃያ ሁለት፣ ተቀያሪ አራት።
ሴቶች፦ መልያ አጣቢ ሁለት፣ ውሃ አቀባይ አንዲት፣
ጃኬት ጠባቂ ደግሞ የእኔው እህት።
ያን ቀን ነው ልብ ያልኩት፣ ቁጥሩን ስደምር፦
ጃኬቴ አንድም ቀን መሬት ነክቶ አያውቅም ነበር።

ረቡዕ፦ አንድ ፈረንጅ መጣ፤ ሜትር ከኪሱ መዝዞ
የበዳቱን ባት ለካ፣ ቁጥሩን ጻፈ አፍዝዞ።
"ጥቁሮች ሲፈጠሩ ነው" አለ በአስተርጓሚ፣ "ደማቸው ነው"፤
አሥር ሰዓት ሌሊት፣ ጅብ ሳይገባ መውጣቷን ማን ለካው?
ተቆጣን። ክፍሉ በሙሉ ተቆጣን።

ሐሙስ፦ በዳቱ ወንዶቹን ሁሉ ጥላ ገባች።
"ኧረ ይቺ ልጅ ሴት ናት እንዴ?" ብዬ ጮህኩ፤ ሳቁን ሰማች።
ትከሻዋን ሰብስባ፣ በላብ ላይ ሹራብ ደረበች፤
በማግስቱም ሮጠች፤
እያወቀች ሦስተኛ ወጣች።

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ እምቢ አለኝ፤
"ማን እንዳሸነፈ አትጻፉ" ማለቷም ያኔ ነው የገባኝ።

ቅዳሜ፦ ኡጁሉ የቆርኪ ዳማውን ከባሕር ዛፍ ሥር ዘርግቶ
ተጋጣሚ ይጠብቃል። አንዱ የቅርጫት ኳስ አምጥቶ፦
"ና እንጂ ጥቁሩ! ለዚህ እኮ ነው የተፈጠርክ፣ በዚህ ቁመት!"
ማንም አልተቆጣ።
ፈረንጁ ከሄደ ሦስት ቀኑ ነው፤ ሜትሩ ግን እኛው ቤት።

ደብተሩን ሰብስባ ወሰደች፤ በሳምንቱ መለሰች።
ማርክ የለም። በቀይ እስክሪብቶ አንዲት መስመር ጽፋለች፦
"ሁሉንም አይተሃል። አንተስ የት ቆመህ ነበር?"

መልሱን እስካሁን አልጻፍኩም።
በዳቱ አሁንም ሦስተኛ ትወጣለች፤ ይቅርታ አልጠየቅኋትም።
ጃኬቴን ድንጋይ ላይ መጣል ለምጃለሁ፤
እህቴ ግን ገና ሜዳ አልገባችም።
ትናንት ከኡጁሉ ጋር፣ ቆርኪው ከቆርኪ እስከማይለይ አምሽተን፣
ዳማ ተጫወትን፤
ማን እንዳሸነፈ አልጽፍም።