ቀለም ያልዘለቀው

ዊኒፔግ፣ ኤሊስ ጎዳና፣ የቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፤
ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ፣ ውስጡ የባልዲ እንፋሎት።
«ለዚህ ጨርቅ ባማርኛ ስም ጻፍለት» ብለው
ካርቶን ሰጡኝ፣ መዳፍ የምታህል፤ ባንድ መስመር የሚያልቅ ነው።

ጎረቤቶቼ ጨርሰዋል። ሚዮኮ «ሺቦሪ» ብላ፣
የጉጅራቱ ሽማግሌ «ባንድኒ» ብሎ፤
እኔ ብቻ ብዕር እበላለሁ።

ሞረኒኬ ከባልዲው ቀና አለች። ጓንት አትወድም፤
ክንዷ እስከ ክርኗ ሰማያዊ ነው።
«አዲሬ» አለችኝ፣ «አዲ ማሰር ነው፤ ሬ መንከር፤
ሌላ ምሥጢር የለውም።»
የትግርኛው ዓዲ ጆሮዬ ውስጥ ገባ፣
አገር ታስሮ ሲነከር ታየኝ፤ አልነገርኳትም።

እዚህ ቃጫ የለም። በጥርስ ክር ነው የምታስረው፤
ሽምብራ በጨርቁ ጉያ ሸጉጣ፣
ሰባት ጊዜ አዙራ፣ ጫፉን በጥርሷ በጥሳ፣
«አቤኦኩታ ብሆን አክስቴ ትገድለኝ ነበር» አለች
ለራሷ ሥቃ።

«ቋጠሮ» ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩት።
ስንቅ ይቋጠራል፣ ቂምም ይቋጠራል፣
ዓይን እንባ ይቋጥራል፣ አበባ ደግሞ ፍሬ፤
የቱን ይዤ የቱን ልጣል ካንድ መስመር ላይ ዛሬ?

«ቀለም» አልኩ። እሱ ደግሞ ባሰ!
እኛ ዘንድ ቀለም ትምህርት ነው፤ ሰነፉን ተማሪ
«ቀለም አይዘልቀውም» ብለን እንሸኘዋለን፤
እኔን ራሴን የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ
ሁለት ዓመት አስቀምጦኛል።
ይህን ስነግራት ሞረኒኬ ባልዲው ላይ ተደግፋ ሣቀች፦
«እኛ ደግሞ ያልዘለቀውን ነው የምንወደው፤
ጌጡ እሱ ነው።»

«እንግዲያስ ፍቺው?» ብላት
መቀስ ወረወረችልኝ፦ «ፍታውና እየው።»
ክሩ ተበጠሰ፤ ሽምብራው ዱብ አለ፤
በጨለመው ጨርቅ መሐል ነጭ ክብ ቀረ፣
ጠርዙ እንደ ውኃ የተንቀጠቀጠ።

በኛ ቋንቋ የቃል ትርጉም ፍቺ ነው፤
የባልና የሚስት መጨረሻም ፍቺ ነው፤
ይህን አልተረጎምኩላትም።
ከግራ እጇ ጣት ሥር፣ ሰማያዊው ባልደረሰበት፣
የቀለበት ስፋት ያለው ጠይም መስመር
አይቼ ነበርና።

ካርቶኑ ላይ በፊደል «አዲሬ» ብዬ ጻፍኩ፤ ቦታ ተረፈ።
አውቶቡስ ላይ ኪሴን ስዳብስ አንዲት ሽምብራ፣
ግማሿ ሰማያዊ፣
ግማሿ እንደነበረች።