ቅዳጅና ክር

የራይን ውሃ ጠቁሯል፤ ድልድዩም ባዶ፤
ትራሙ ተኝቷል፣ ሐዲዱ ላይ በረዶ።
ከሌሊቱ አስር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ፣
ባዝል ጭምብሏን አጥልቃ ቆማለች አደባባይ ላይ።
እኔ ብቻ እዚህ አለሁ፣ ከጄልና ከምላጭ ጋራ፣
ሬጉላ ኤሽባኸር፣ ረዳት፣ የሌሊት ተራ፤
ጽሑፉ ሲታተም ስሜ ከግርጌ የሚቀር፣
«ስለ እርዳታዋ እናመሰግናለን» ተብሎ ብቻ የሚነገር።

ሁለት ቱቦ አለኝ። በአንዱ ሽል ነው፣ ዓይን ያላወጣ፣
ትናንት በዚህ መቀስ ከእናቱ ሆድ የመጣ፤
በሌላው የዕጢ ሕዋስ፣ ያሳደገችውን አይጥ የገደለ፣
አንድ አንቲቦዲ ብቻ እየደጋገመ «ይኸው! ይኸው!» ያለ።
መጽሐፉ እንደሚለው ሁለቱ አንድ ናቸው፤
ከጆሮ እስከ ጅራት አንድ ነው ርስታቸው፤
አባት ያወረሰው አይሸነሸንም፣ አይሸጥም፣
ሕዋስ ሁሉ ሙሉውን ይዞ ይኖራል፤ አንዲት ፊደል አይለውጥም።

ዶክተር ሳላይ ግን፣ ከሃንጋሪ ድንበር በሌሊት ያመለጠ፣
ያልተለኮሰ ሲጋራ ከንፈሩ ላይ ያስቀመጠ፣
«ሬጉላ» ይለኛል፣ «ይህቺ አይጥ የማታውቀው ስንት ጠላት አላት?
ለያንዳንዱ አንድ ጂን ብትይዝ፣ ቆዳዋ ይበቃታል? አይበቃት!»
ከዚያ ዝም። የሳላይ ዝምታ ሥራ ማለት ነው ለሌላ ሰው፤
ሦስት ክረምት ሞላኝ ዝምታውን በምላጭ ስከትፈው።

እናቴ ሄድዊግ ልብስ ሰፊ ነበረች፣ ከወንዙ ማዶ።
ዓመቱን ሙሉ ታጠራቅማለች፤ የመጋረጃ ጫፍ፣ የአባቴ ኮት ገበር፣
የጎረቤት ሙሽራ ቬሎ ሲያጥር የተረፈ ዳር።
ሦስት ሣጥን ነበራት።
ካርኒቫል ሲደርስ ዓይኗን ጨፍና እጇን ትሰዳለች፣
ከየሣጥኑ አንድ አንድ ቅዳጅ ታወጣለች፤
ትቆርጣለች፣ ትገጥማለች፣ ትሰፋለች፤
መሐል የወደቀውን ወደ ምድጃ።
«በዚህ ከተማ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ለብሶ ካየሽማ፣
መርፌዬን ራይን ውስጥ ጣይው» ትል ነበር፣ ጎረቤት እንዲሰማ።

መቁጠሪያው ማሽን ቀጭ ቀጭ እያለ ወረቀት ይተፋል።
የሽሉ ቁጥር ሁለት ቦታ ይነሣል፤
ሁለት ኮረብታ፤ ተለዋዋጩ ወዲህ፣ ቋሚው ወዲያ፣
መካከላቸው ሜዳ።
የዕጢው ግን
አንድ።
አንድ ኮረብታ ብቻ፣ ከሁለቱም ያልሆነ ቦታ።
እጄን ታጠብሁ። ደግሜ ቆጠርሁ።
አንድ።
ተራርቀው የነበሩ ጎን ለጎን ናቸው፤ መሐል የነበረው የለም።
ርስቱ ተቆርጧል፣ ሽማግሌ ሳይቀመጥ፣ ማንም ሳይፈርም።

እንግዲህ ያቺ አይጥ፣ በሣጥኗ ገለባ የምትቆረጥም፣
በመቅኔዋ ጨለማ መቀስ አላት፣ የማይዶለዱም።
እያንዳንዱ ሕዋስ በየፊናው፣ ሳያይ ይዘግናል፤
ስፌቱም ቀጥ አይልም፤ ፊደል ይጎድላል፣ ፊደል ይጨመራል፣
እናቴ በእርጅናዋ፣ መነጽሯን ጥላ እንደምትሰፋው፤
ሀብቱም ያለው እዚያ ነው፣ ክሩ የጠመመው ላይ ነው።
ብዙው ይበላሻል።
የተበላሸው ድምፁን ሳያሰማ ይሞታል።
የቀረው ጋሻውን ሰፍቶ ይጠብቃል፣
የሚመጣውን ጠላት፣
ከቶ የማይመጣውንም።

ሽሏን አሰብኋት።
ሦስቱ ሣጥኖቿ እንደሞሉ፣ አንዲት ቅዳጅ ሳታነሣ።
ሙሉ ርስት እንደዚህ እንደሚያሳዝን አላውቅም ነበር።

አስር ሰዓት ሞላ።
የመንገዱ መብራት ሁሉ ባንዴ ድርግም አለ፣
ከበሮው ከድልድዩ ሥር ሆዴን ነቀነቀ።
ወረቀቱን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ወረድሁ፤
ሳላይ ይተኛ፣ ሲነጋ እነግረዋለሁ።
ፋኖስ በራሳቸው የተሸከሙ፣ አፍንጫቸው የረዘመ፣
ሺህ ቅዳጅ ለባሾች፣ ዋሽንታቸው ሲያፏጭ፣ አንዱም ከአንዱ ያልገጠመ።
አንዱ አጠገቤ ሲያልፍ፣ ከትከሻው በታች
የአባቴን ኮት ገበር አየሁ።
ማን እንደሆነ አላወቅሁም።
ጭምብሉን አዙሮ አየኝና
አለፈ።