ኖራና ትርንጎ

ማክሰኞ ከሰዓት፣ ቂርያት ጋት፣ ሙቀቱ
በር በተከፈተ ቁጥር ዘው ሲል ከቤቱ፣
ወይዘሮ ትርንጎ ሁለት ብልቃጥ ይዘው፣
ወረፋ ጠብቀው፣ ባንኮኒው ላይ ጥለው፣
«ንገሪኝ፣ ልጄ» አሉ፣ «የቱ ይሻለኛል?
አንዱ ጠመኔ ነው፣ ጉሮሮ ያንቃል፤
ሌላው ይለሰልሳል፣ ኪስ ግን ያራቁታል።

አማቼ ጌጡ ነው እንቅልፌን የነሳኝ፤
‹ደምሽ ኮምጥጧል› ሲል ባደባባይ ያማኝ።
‹ኮምጣጣ ደም› አለ፣ ‹አጥንት ቆርጥሞ ይበላል፤
ኖራውን ዋጪበት፣ አልካላይን ይሆናል።›»

ከቦርሳቸው ደብተር ወጣ፤
የልጅ ልጃቸው የሒሳብ ደብተር።
እሱ ከቀኝ በዕብራይስጥ ጀምሮታል፣
እሳቸው ከግራ በአማርኛ፤
መሐል ላይ ሊገናኙ ሦስት ገጽ ቀርቷቸዋል።
በየመስመሩ ሽንት የነካው ቁራጭ ወረቀት፣ በፕላስተር የተለጠፈ።
ዓርብ ጧት፣ ቢጫ።
ቅዳሜ ባዶ ነው። «በሰንበት አልሞክርም» አሉ።
እሑድ ማታ፣ ኖራው ከተዋጠ በኋላ፣ አረንጓዴ።
ሰኞም አረንጓዴ፤ ከጎኑ «ተመስገን» ተብሎ ተጽፏል።

እማማ፣ አልኳቸው፣ ይኼ ደም አይደለም፤
ወረቀት ያሳየው የሽንትዎን ቀለም።
ደም ግትር ነው፣ ካለበት አይነቃነቅም፣
ኖራ ቢቆረጥም፣ ሎሚ ቢጨመቅም፤
ሰባት ነጥብ አራት፣ እዚያው ነው ሰፈሩ፤
ዝንፍ ያለ ለታ ሆስፒታል ነው በሩ።
ሳንባ በትንፋሹ ያወጣል ትርፉን፣
ኩላሊት ይጠርጋል የተረፈውን፤
ያ አረንጓዴ ቀለም፣ ያ የተመሰገነው፣
የኩላሊት ጥራጊ፣ ደጅ የተጣለ ነው።

ዝም አሉ።
ደብተሩን ዘጉት፤ መልሰው ከፈቱት።
«እና ልዩነቱ?»

ልዩነቱ ሆድ ላይ ነው።
ይኼኛው ካርቦኔት ይባላል፤
ከከተማው በስተምሥራቅ ያለው ነጭ ኮረብታ፣
ማንቆርቆሪያዎ ታች የሚጋገረው ቅርፊት፣ ወንድሞቹ ናቸው።
በአንድ ፍሬ ብዙ ካልሲየም ይሸከማል፣
ግን አሲድ ካላገኘ አይፈታም፤ ከምሳ ጋር ነው የሚዋጠው።
ይኼኛው ሲትሬት፤ የሎሚ አሲድ ያሰረው ጨው፤
ሸክሙ ትንሽ፣ ፍሬው ብዙ፣ ዋጋው ውድ፤
በባዶ ሆድም ግን እሺ ይላል።

ለቃር የሚወስዱት ነገር አለ? አልኳቸው።
ከሻሻቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ፤
የአሲድ ማጥፊያ፣ በየጧቱ አንድ፣ ሁለት ዓመት።
ማንም አልጠየቃቸው።
ባለፈው ክረምት ልብስ ሊያሰጡ ተንጠራርተው
የተሰበረው የእጅ አንጓቸው አሁንም ጠመም ብሏል።

«እንዲያ ከሆነማ» አሉ፣ ብልቃጡን እያገላበጡ፣
«ሆዴ እሳት የለው፤
ሲገባም ድንጋይ፣ ሲወጣም ድንጋይ።
ሴትዮዋ በኖራ ሁለት ዓመት ኖራ፣
አጥንቷ ሳይሰማ፣ ሽንቷ ብቻ ኮራ!»

ሣቁ። ከኋላቸው የቆመው ሩሲያዊ ሽማግሌም ሳይገባው ሣቀ።

ሲትሬቱ እኮ የስምዎ ዘመድ ነው አልኩ፤
ሎሚና ትርንጎ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው።
«ስሜ?» አሉ። «ለዳስ በዓል ትርንጎ ይመርጣሉ፣
ጠባሳ እንዳይኖረው በአጉሊ መነጽር ያዩታል፣
በጥጥ ይጠቀልሉታል፤
እኔን ሰባ አንድ ዓመት ማን በጥጥ ጠቀለለኝ?»

ለሐኪማቸው ሁለት መስመር ጻፍኩላቸው።
ኖራውን ባንኮኒው ላይ ትተው፣ ሲትሬቱንም ሳይገዙ ወጡ፤
ጡረታ የሚገባው ሐሙስ ነው።
«ጌጡን ምን ልበለው?» አሉ ከደጃፉ፤
መልስ ሳላገኝ በሩ ተዘጋ።

ማታ፣ ሱቁን ከቆለፍኩ በኋላ፣
ጓዳ ያለውን ማንቆርቆሪያ ከፍቼ አየሁ፤
ነጭ፣ ወፍራም፣ የዓመታት።
ግማሽ ሎሚ ጨመቅኩበት።
ጆሮዬን አስጠጋሁ፤
ሲንሾካሾክ ሰማሁት።