በሐምሌ በረዶ

ስሙን አልጽፍም፤ ሕጉ አይፈቅድም።
ዕድሜውን ብናገር ግን ማንም አይጎዳም፦
ሠላሳ አራት።

የዶክተር ሃልቮርሰን ማስታወሻ አንድ መስመር ተኩል፦
"በረዶ አንሸራቶት ወደቀ። የክንዱ አጥንት፣ ከአንጓው ጋ፣ ተሰብሯል።"
ከዚያ ወዲያ ባዶ።
በሱ ፎልስ። በሐምሌ። በረዶ።

ዳርሊን ከጎኔ ካለው ጠረጴዛ ሳቀች፤
"ሐኪሙ ታኅሣሥ ላይ ተኝቶ ገና አሁን ነቅቶ ይሆናል" አለች።
እኔም ሳቅሁ።
በሰዓት አሥራ ስምንት መዝገብ ይጠበቅብናል፤
ሳቁም ከዚያው ላይ ይቀነስብናል።

ሥራዬ ይኸው ነው፤ ስብራትን ቁጥር ማድረግ።
ኤስ ብዬ እጀምራለሁ፣ አምሳ ሁለት ለክንድ፣
ነጥብ፣ ከነጥቡ ቀጥሎ አምስት፦ የታችኛው ጫፍ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው አጥንት፣
ሰው ሲወድቅ መዳፉን አስቀድሞ የሚከፍለው ዕዳ።
ስድስተኛው ቤት አንድ ከሆነ ቀኝ፣ ሁለት ከሆነ ግራ፣
ዘጠኝ ከሆነ አልተገለጸም።
ዘጠኝን አልወድም።
ሰባተኛው ፊደል ነው፦ ኤ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ፤
ዲ፣ እየዳነ የሚመላለስ፤
ኤስ፣ አጥንቱ ገጥሞም ያልለቀቀው ጣጣ።

የልጅነቴ ወጌሻ ባሻ ድልነሳው ራጅ አያውቁም ነበር፤
ቅቤውን በጣታቸው ይዘው፣ ገና ክንዴን ሳይነኩ፣
"ምን ላይ ነው የወደቅሽው?" ይሉ ነበር።
ለሳቸው ስብራት የሚጀምረው ከመሬቱ ነው።
ለእኔም ያው፤ መውደቂያ ሁሉ የራሱ ቁጥር አለው፣
ደረጃው፣ ወጥ ቤቱ፣ የዶሮ ቤቱ ሳይቀር።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ሲባል ሰምቼ አድጌያለሁ፤
እዚህ የባሰ ነው፤ በጽሑፍ የሌለ አልተደረገም።
መገመት ክልክል ነው።
ማወቅም፣ ሐኪም ካልጻፈው፣ መገመት ነው።

እኔ ግን አውቃለሁ።
በዚህ ከተማ በሐምሌ በረዶ የት እንደሚገኝ አውቃለሁ።
አራት ዓመት ከመንፈቅ፣ ነጭ የላስቲክ ቦት ተጫምቼ፣
በአሳማ ፋብሪካው ማቀዝቀዣ ክፍል
ሥጋው በሰንሰለት ተንጠልጥሎ ሲያልፍ ቆሜያለሁ።
ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ሲሚንቶው ላይ ይረጋል፣
ስስ ነው፣ መስተዋት ነው፣ እስክትረግጪው አይታይም።
ጨው የሚበትነው ልጅ በዘጠኝ ሰዓት ይመጣል፤
ሰው የሚወድቀው በስምንት።

ፋብሪካ ብዬ ብጽፍ ሂሳቡን ፋብሪካው ይከፍላል፤
ባልጽፍ ሰውየው፣ በቀረችው እጁ።

ሁለት ጥያቄ ላክሁ።
ሐኪሙን ወደ መልሱ መምራት አይቻልምና
ሦስት ጊዜ ሰርዤ ይህን አስቀረሁ፦
"የትኛው ክንድ? በረዶው የት ነበር?"

በማግስቱ መልስ መጣ፦ "ግራ።"
ይኸው ነው፤ ግራ።
"ዝጊው" አለች ዳርሊን፣ "ለማይታወቅ ቦታም ቁጥር አለው።"
እውነቷን ነው፤ አለው፤ እሱም ዘጠኝ።
ጣቴ ዘጠኙ ላይ ትንሽ ቆየ።
በዚያ ሰዓት አሥራ ስድስት መዝገብ ብቻ ሠራሁ።
ሁለተኛውን ጥያቄ ደግሜ ላክሁ።

በሦስተኛው ቀን፣ ልወጣ ቦርሳዬን ሳነሳ፦
"ደወልሁለት። ማቀዝቀዣ ክፍል ውስጥ፣ ሥራ ላይ።
እስካሁን የጠየቀኝ የለም አለኝ።"

ቦርሳዬን መልሼ አስቀመጥሁ።
ዋይ፣ ዘጠና ሁለት፣ ነጥብ፣ ስድሳ ሦስት።

ፊቱን አላውቀውም።
ግን ከዚያ ወዲህ ገበያ ስወጣ ዓይኔ ወደ ሰው ክንድ ይሄዳል።
ትናንት አንዱ፣ ግራ እጁ በጀሶ፣
በቀኙ ሐብሐብ አቅፎ ካሸሯ ፊት ተሰልፏል፤
ዞር ብሎ አየኝ።
ምን ልበለው?
"ሐብሐቡን ልያዝልህ?" አልሁት።
"አይ፣ ይዤዋለሁ" አለኝ።