ሃያ ስምንት ቀላድ፣ ሃያ ክንድ ሲጎድለው

አራዳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ መስኮት ቁጥር ሰባት።
ሥራዬ መመንዘር ነው፤ ብር ሳይሆን ርዝመት፤
በሟች አባቶች ክንድ የተለካ መሬት
ወደ ሜትር ማምጣት፣
ከነጥቡ ወዲያ ሁለት አኀዝ መጻፍ፣ ማኅተሙን መምታት።

አቶ ዓምደብርሃን በደረጃው ወጡ፤
ሊፍቱ ከቆመ ቆየ፤ እያረፉ መጡ፣
የደረጃውን ብረት እንደ መርከብ አጥር ጭብጥ አርገው ይዘው፣
ሕንፃው የሚናወጥ ይመስል እግራቸውን ከፍተው።

ውሉን ዘረጉልኝ፣ ዳርና ዳሩን አይጥ የቀመሰው፦
«ከእሪ በከንቱ ወንዝ ሽቅብ እስከ ወይራው፣
በቁመት ሁለት ቀላድ፣ በወርድ አንድ ቀላድ ከሠላሳ ክንድ፤
ለካሁ፤ ቀላድ ጣይ ባሻ ዘገየ ወንድይራድ።»

ቀላድ ጠፍር ነው፤ ክረምት ጠጥቶ ይረዝማል፣
በጋ ፀሐይ ሲመታው እንደ ባለዕዳ ይኮማተራል።
ባሻ በየትኛው ወር እንደጣሉት ውሉ አይናገርም፤
ክንዱስ የማን ክንድ ነበር፣ የረጅም የአጭር? አይልም።
የቢሮው ሠንጠረዥ ግን ማመንታት አያውቅም፦
አንድ ቀላድ፣ ስልሳ ስድስት ሜትር ተኩል። በቃ። አይረጥብ፣ አይደርቅም።

መቶ ሠላሳ ሦስት ሜትር ብዬ ልጽፍ ስል፣
«ልጄ፣» አሉኝ፣ «በባሕር ማይል ስንት ይሆናል?»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።
ምጽዋ አሥራ አንድ ዓመት በባሕር ኃይል ኖረዋል።
እኔ ወደቡ ከቀረ በኋላ ተወለድኩ፤ ባሕር በዓይኔ አላየሁም፤
የማውቀው ውኃ ቢበዛ የቢሾፍቱን ነው፤ ጨው የለውም።

አሰላሁ። አንዱን ማይል፣ ሺ ስምንት መቶ ሃምሳ ሁለቱን፣ በቀላድ ባካፍል
ሃያ ስምንት ቀላድ፣ ሃያ ክንድ ሲጎድል።
«ሃያ ክንድ?» ጣታቸውን አጠፉ፣ ዘረጉ፤ «አሥር ሜትር በይው።
እንግዲህ የጎደለው እኔ የምኖርበት ነው።»

ዐዋጁ ግቢውን ቆርሶ፣ ቀበሌው ከፍሎ፣ መንገዱ በልቶላቸው፣
ከበሩ እስከ ጓሮው ግንብ አሥር ሜትር ነው የቀራቸው።

«ለጥልቀት ደግሞ ፋተም አለ፤ እዪው፤»
ወረፋውን ፈቀቅ አረጉት።
ከኋላቸው ያለችው ሴትዮ ጃንጥላዋን ሰበሰበች።
የሌለ ገመድ ከሌለ ውኃ እየሳቡ
ከግራ መዳፍ እስከ ቀኝ፣ በደረታቸው ፊት፣ ክንዳቸውን ዘረጉ፤
የሚቀበሉት ሰው ያለ ይመስል፤
ወይም የሚሰናበቱት፤ እንጃ።

ቀኝ ትከሻቸው እምቢ አለ፤ እመንገድ ላይ ቆመ።
«በሃያ ዓመቴ ልክ ነበርኩ፤
አለቃዬ ገመዱን በእኔ ነበር የሚያርመው።»
ሜትሬን አወጣሁ፤ ሳላስፈቅድ ለካኋቸው፦
አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት።
መጽሐፉ ላይ አንድ ከሰማንያ ሦስት ነው።

ምሳ ሰዓት ላይ ብቻዬን፣ መመንዘር ልማድ ሆኖብኝ፣
ይህ ወለል ከባሕር በላይ ሁለት ሺ አራት መቶ ሜትር ግድም ነው ብዬ፣
ገመድ በመስኮቱ ብለቅ፣ አለቱን አልፎ ቢወርድ ጨው እስኪነካ ድረስ፣
በመጽሐፉ ሺ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፋተም ቢደርስ፣
በእሳቸው የዛሬ ክንድ ሺ አራት መቶ ሃያ ስምንት፤
ሰውዬው ባረጁ ቁጥር ባሕሩ ይርቃል ማለት፤
ማንም ሳይገፋው፣
ማንም ሳይለካው።

ማታ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ሥር ተነሥቼ በቸርችል ቁልቁል ወረድኩ።
አንዱ የባሕር ማይል የምድር ክብ አንድ ደቂቃ ነው ብለውኝ ነበር፤
ፖስታ ቤቱ አካባቢ ሞላ አልሞላ ስል
የእጅ ሰዓቴን አየሁ፦
ሃያ አምስት ደቂቃ ሄጃለሁ።

ነገ ፋይሉን እዘጋለሁ፤ መቶ ሠላሳ ሦስት፣ ነጥብ፣ ዜሮ ዜሮ።
ቅጹ ላይ «የጎደለ» የሚል ረድፍ የለም።
«ምርመራ» ከሚለው ሥር በእርሳስ፣ በቀጭኑ፦
ሃያ ክንድ። ሰው ይኖርበታል።