የሞተ ጊዜ

ከደቅ ደሴት መጣች፣ በማለዳ ጀልባ፣
በፌስታል ተጠቅልላ፣ ውሃ እንዳይገባ፣
የክትባቱ ፍሪጅ የተቃጠለች ቦርድ።
ነርሱ ልየው ይዟት ሽምብጥ ድረስ ሲወርድ
እጁ ላይ የዓሣ፣ የናፍጣ ሽታ፤
"ሦስቴ አሠራኋት፤ አልደረሰች ለማታ።"

መነጽሬን ሰካሁ። ሁለቱ ትራንዚስተር፣
ላይኛውም ታችኛውም፣ የከሰል ክምር።
ከኔ በፊት የነካት ማንም ባለሙያ
እነሱን ቀይሮ፣ ተቀብሎ ክፍያ፣
የሞተውን ቀብሮ፣ ገዳዩን ሳይጠይቅ፣
ሸኝቷታል ወደ ሐይቅ።

እኔ ግን ያየሁት ያቺን ትንሽ ጥቁር፣
ምስር የምታክል፣ ባለ ስምንት እግር።
በረኛዋ እሷ ናት። ጉልበት የላት የራሷ፣
ጉልበተኞቹ ግን አይከፈቱም ያለሷ።
"ላይኛው፣ ተከፈት! ታችኛው፣ ተዘጋ!"
በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜ፣ አንዴ ሳትዘነጋ፣
የፀሐዩን ሃያ አራት ቆርሳ ቆራርሳ፣
አሥራ ሁለት አድርጋ ለፍሪጁ አድርሳ።

ላይኛውን ለመክፈት ከባትሪው ከፍ ማለት
ግድ ይሆንባታል፤ መሰላል የላት።
አንዲት ካፓሲተር ናት፣ እንደ እንስራ ያለች፣
ታችኛው ሲከፈት ተቀድታ የሞላች፤
የወረደው ሞልቶ የሚወጣውን ያዝላል።
ይህን ለልየው ባወራው ተረት ይመስለዋል።

አባዬ ጨረጨራ የበር ሠራተኛ፣
ጡረታ ወጥቶ እንኳ ሌሊት የማይተኛ፣
ውሃው ይሰማዋል። ልጅ ሆኜ ሲያስረዳኝ
እጄን በእጁ ይዞ ከብረቱ አስጠጋኝ፤
"አንዱን በር ስትዘጊ፣ ዘጋሁ ብለሽ አትመኚ።
ትንሽ ዝም በዪና ለውሃው ምስክር ሁኚ።
ሌላውን ከዚያ ክፈቺ።"

ፖሊ ስንማር ስሙ "የሞተ ጊዜ" ነው፤
አንዲት ጥቅሻ ወስደህ ሚሊዮን ቦታ ብትከፍለው
ያቺ አንዷ ሽራፊ፣ ሁለቱም ዝም ያሉባት።
ማን ሞተ ብሎ ሰየማት?
ሁለቱ የሚኖሩት በሷ ነው፣ በሷ ብቻ።

ከበረኛዋ እጅ ወጣች፤ እንጃ ምን እንደነካት፣
የሐይቁ እርጥበት ይሁን፣ የቆርቆሮው ሙቀት።
ሁለቱ በር ባንዴ ብርግድ እንዳለ
ባትሪው ያለ ከልካይ መሬት ላይ ዘለለ፤
ክትባቱም፣ የሕፃናቱ፣ እንደ ሻይ ሞቆ ዋለ።

ከአሮጌ ኢንቨርተር እኅቷን ነቅዬ
በሙቅ አየር ተከልኳት፣ ትንፋሼን አዝዬ።
ኦሲሎስኮፑ ላይ አንዱ ሞገድ ወረደ፤
ቆየ።
ሌላው ተነሳ።
ገና አሁን ተነፈስኩ።

ልየው በዘጠኝ ሰዓት ጀልባ ይዟት ሄደ።
ማታ አባዬ ደጅ ነው፣ ወንበሩ ላይ፣
ጆሮውን አዘንብሎ ወደ ዓባይ።
"ዛሬ ምን ሠራሽ?" አለኝ።
"በር" አልኩት።
ዝም አለ። ዝምታው ረዘመ፤ እኔም አልቸኮልኩም።
ስልኬ ጠራ፣ ከደቅ።
ትንሽ ጠበቅሁና
አነሳሁት።