እርማት

ሰኔ ሊያበቃ ሲል፣ ቆርቆሮው ሲጮህብኝ፣
ሰማንያ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አለኝ።
ባዮሎጂ ነው ፈተናው፤ ጥያቄው የኔው ነው፦
«ዝግመተ ለውጥና ተፈጥሯዊ ምርጫ ምንና ምን ናቸው?»

ሰባ ዘጠኙ ልጅ ደብተሩን ገልብጦ
ሰጠኝ የራሴን ቃል፣ ከነስህተቱ አስቀምጦ።
ራይት፣ ራይት፣ ራይት፤ እጄ ምንም አላለም።
የአንሙት ግን ሌላ ነው፤ ደብተሬ ላይ የለም፦

«እናቴ ስታርም ስንዴ ያልመሰለውን ትነቅላለች፤
መምሰልን ለእንክርዳድ ሳታውቅ ያስተማረች እሷው ነች።
ምርጫው የእናቴ እጅ ነው፤ ለውጡ ግን የዘሩ ነው፤
እጇ ባይደርስም ይሄዳል። ይህን የነገረኝ ጎርፍ ነው።»

ሁለቴ አነበብኩት። ዓይኔ ደክሞ ነበር።
ኤክስ አልኩት በቀዩ፣ ወደ ሌላው ልሻገር።

*

ነሐሴ። ከቢቸና ወጣ ብሎ፣ ጥቁር አፈር ላይ፣ ጭጋግ።
«መምህር፣ ማረም ታውቅ የለ?» አለችኝ ይታክቱ በሳቅ፤
የአንሙት እናት ናት፣ እጅ አጥሯታል ዘንድሮ።
ጎንበስ አልኩ፣ ጀመርኩ፣ የመሰለኝን ነቅዬ፣ ልቤ ኮርቶ አድሮ።

«ተው፣ እሱ ስንዴ ነው! ያኛውም! እሱንም ተው!»
«እንክርዳዱስ የታል?»
«እጅህ የዘለለው።»

ገልጣ አሳየችኝ በጣቷ፦ ሥሩ ላይ ቀላ ይላል፣
ቅጠሉ ከጀርባው ጠል እንደነካው ያበራል፤
በቀረው ስንዴ ነው፣ ቁመቱም ቀለሙም፤
ወንድማማች ናቸው ብትለኝ በጭራሽ አልገረምም።
«ወንፊትም አያድነንም፤ ፍሬው የስንዴ ልክ ሆኗል፤
አምና ጠላው ውስጥ ገብቶ ባሌን ሁለት ቀን አስተኝቷል።»

ቀና አልኩ። ወገቤን ያዝኩ። መቼ ነው የጀመረው?
ስንት እናት፣ በስንት ሺህ ክረምት፣ ጎንብሳ ነቀለችው
ስንዴን ያልመሰለውን? ቀድሞ የታየው ቀድሞ ሞተ፤
ጥቂት የመሰለው ግን፣ ዓይን ስቶት፣ ከስንዴው ጋር ሸተ።

እጅ አልፈጠረም መምሰሉን፤ እጅ መንቀል ነው የሚያውቀው፤
ልዩነቱ ሳይጠራ መጥቶ ማሳው ላይ ነው የጠበቀው።
እንክርዳድም «ልምሰል» ብሎ ከማንም ጋር አልመከረ፤
ያልመሰለው አለቀና፣ የመሰለው ስለቀረ፣
ዓመት በዓመት ሲደራረብ ዘሩ ራሱ ተቀየረ።

ከማሳው ግርጌ ወንዝ አለ፤ አምና ሐምሌ ላይ ጎርፎ
ዳሩን ይዞት ሄደ፣ ሳይለይ፣ ስንዴ እንክርዳዱን አቅፎ።
የተረፈው ጥቂቱ ሥሩ ነጭ ነበር፣ እንዲያው ያለ ምክንያት።
«እዚያ ዳር» አለች ይታክቱ «ቀዩን ዘንድሮ አጣሁት።»
ማን መረጠው? ማንም። ዘሩ ግን ሌላ ሆነ።
ውሃ ዓይን የለው፣ ጣት የለው፤ አልመዘነ፣ አልኮነነ።

ለውጥ እንግዲህ ጉዞው ነው፤ ምርጫ ከነጂዎቹ አንዱ፤
ጎርፍም ይነዳል፤ ከሞጣ በብድር የመጣ ቁና ዘርም አይጠፋ ከመንገዱ።
ይህን አንሙት በአራት መስመር ጽፎልኝ ነበር፣ በሰኔ።
አራት ነጥብ ነበረው። ዜሮ ሰጠሁት እኔ።

ያን ጊዜ ነው ያ ወረቀት ጭቃው መሐል የታየኝ፦
ሰባ ዘጠኝ ልጅ በየረድፉ እኔን መስሎ ያለፈኝ፣
እኔው ነቅዬ፣ እኔው ነቅዬ፣ መምሰልን ያስተማርኩኝ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አረምኩ፣ በቀይ፣ የማይመስለኝን፤
ስንዴ ይሁን እንክርዳድ ሳልጠይቅ የቀረውን።

አንሙት ከማዶ ዳር ያርማል፤ ቀና ብሎ አላየኝም።
ልጠራው ፈለግሁ፤ ምን ብዬ? ቃል አልመጣልኝም።
«ቀስ» አለች ይታክቱ፣ «እግርህ ስር ስንዴ አለ።» ዝም አልኩ።
አንድ ቅጠል ገለበጥኩ፣ አፈሩን ጠረግ ጠረግ አደረግኩ፣
ሥሩን ተጠግቼ አየሁ።
ነጭ ነው? ቀላ ይላል? ጭጋጉ ወርዷል።
ሳልነቅለው ቆየሁ።